በጦር ኃይሎች ስለሚያልቀው የባቡር መንገድ

ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጦር ኃይሎች፥ ማለት በኮልፌ ቀራንዮ ደጃፍ ያልቃል፡፡ ይህ መስመር ለሕዝብ የተከፈተው ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ግን አስቀድሞ መስከረም 9 ቀን ተከፍቶ ነበር፡፡ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፥ ከጦር ኃይሎች ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ መንገደኛ በልደታ ወርዶ ባቡር እንዲለውጥ ሆኖ ተሠርቷል፡፡ ይህ በብልሃት የታሰበ ነው፡፡

በምዕራቡ ጫፍ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ሐዲዱ የቆመው የሕዝቡ ብዛት በሚጀምርበት ስፍራ ነውና፡፡ ወደ አየር ጤና፥ ወደ ዓለም ባንክ፥ ወደ ቤቴል የሚገባው ሠራተኛ፥ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ሊሳለም የሚሄደውም ምእመን፥ ከባቡር ወርዶ ሌላ መጓጓዣ መፈለግ ግድ ይሆንበታል፡፡ ለሥራው ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶው ከቻይና ባንክ የተበደሩት ስለ ሆነ፥ ከዚያም ወዲህ መለዋወጫ እየታጣ ብዙ ባቡሮች ከሥራ ስለ ወጡ፥ ሐዲዱን ፈጥኖ ማስረዘም የሚቻል አይመስልም፡፡ የአውቶቡሱን ሰዓት ከባቡሩ መድረሻ ጋር ማስማማት ግን ብድር አያሻውም፤ የክፍለ ከተማውና የመጓጓዣው ሹማምንት ቢመካከሩ የሚፈጸም ነው፡፡