ታሪኩ ለምን 1992 ላይ ይቆማል? የማይክል ጃክሰን ዘፈኖች በብሮድዌይ መድረክ

በኒው ዮርክ 52ኛ ጎዳና ላይ በሚገኘው ኒል ሳይመን ቴአትር ከ2022 (እ.አ.አ) መጀመሪያ አንስቶ ‘ኤም ጄ’ የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት እየታየ ነው። የማይክል ጃክሰንን ሕይወት በራሱ ዘፈኖች የሚተርክ ሥራ ነው። ጊዜው 1992 ነው። ዘፋኙ ‘ዴንጀረስ’ ለተባለው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጉዞው ልምምድ ላይ ሳለ አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ትመጣለች፤ እርሱም በጥያቄዎቿ እየተገፋ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል።

ዓመቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ጃክሰን በሕፃን ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽሟል የሚለው ውንጀላ መጀመሪያ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው በተከታዩ ዓመት፣ በ1993 ነው። ዘፋኙ በሕይወት ዘመኑ ውንጀላውን አስተባብሏል። የፍትሐ ብሔር ክሱ በ1994 በገንዘብ ስምምነት ተቋጨ፤ በሌላ ልጅ ጉዳይ በቀረበበት የወንጀል ክስ ደግሞ በ2005 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሁሉም ነጻ ተባለ። እርሱ ካረፈ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ሁለት ሰዎች በልጅነታችን ጥቃት አድርሶብናል ሲሉ በዘጋቢ ፊልም ቀርበው ተናገሩ። የውርሱ አስተዳዳሪዎች ይህንንም ያስተባብላሉ። ተውኔቱ 1992 ላይ በመቆሙ ከዚህ ሁሉ አንዱንም መተረክ አላስፈለገውም።

ደራሲዋ ከከባድ ጉዳይ የምትሸሽ ሆና አይደለም። ሊን ኖቴጅ ለተውኔት የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት ሁለት ጊዜ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ አንደኛውን የተቀበለችው በኮንጎ ጦርነት የተደፈሩ ሴቶችን ታሪክ ለመድረክ በማብቃቷ ነው። በ‘ኤም ጄ’ም የአባትየውን ጭካኔ፣ የዘፋኙንም የሕመም ማስታገሻ ሱስ አልሸሸገችም። ገደቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሥራው የተዘጋጀው ከጃክሰን ውርስ አስተዳዳሪዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ሆቴል ዘፈን ለማጫወት ለባለ መብቶች ማኅበር ከፍሎ ጠቅላላ ፈቃድ ያገኛል። ዘፈኑ የተውኔትን ታሪክ የሚያራምድ ሲሆን ግን ያ ፈቃድ አይበቃም። አዘጋጁ ከባለ መብቱ ጋር በቀጥታ መደራደር ይኖርበታል። በሕግ የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ ባለ መብቱ እምቢ ካለም ነገሩ እዚያው አበቃ። ‘ቢሊ ጂን’ የሌለበትን የጃክሰን ተውኔት ከፍሎ የሚያይ ደግሞ ብዙ አይገኝም። ዘፈኑን የያዘ ወገን እንግዲህ በታሪኩም ላይ ቃሉ ከባድ ነው።

ሳንቲም ሲጎርስ የታወቀ ዘፈን በሚያጫውተው ሣጥን ስም ‘ጁክቦክስ’ የሚባለው ይህ የተውኔት ዘርፍ ሁሌም እንዲህ አይደለም። ‘ማማ ሚያ’ የአባን ዘፈኖች ለፈጠራ ታሪክ ስለተጠቀመ የማንንም ገመና መሸፈን አላስፈለገውም። ቲና ተርነር በሕይወት ሳለች የተሳተፈችበት ‘ቲና’ም ባሏ ያደረሰባትን ድብደባ መድረክ ላይ አውጥቶታል። ልዩነቱ ቲና የራሷን ቁስል ራሷ መግለጧ ነው፤ ስለ ጃክሰን የሚነገረው ግን ሌሎች ደረሰብን የሚሉት ነው።

የቴአትር ቤቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በ1927 ‘አልቪን’ ተብሎ ሲከፈት መድረኩ ላይ የወጡት የገርሽዊን ወንድማማቾች አዳዲስ ዘፈኖች ነበሩ። በ1935 ‘ፖርጊ ኤንድ ቤስ’ ለብሮድዌይ የቀረበው እዚሁ ነው፤ 124 ጊዜ ታይቶ በኪሳራ ተዘጋ፤ ዛሬ ከአሜሪካ ታላላቅ ሥራዎች ይቆጠራል። 1 ሺህ 400 ገደማ መቀመጫ ያለው ይህ ሕንፃ በቅርስነት ስለተመዘገበ እንደ ልብ ሊሰፋ አይችልም። ገቢው የሚያድገው በቲኬት ዋጋና ትርኢቱ ለረጅም ጊዜ በመታየቱ ነው። ይህን የሚያሰላ ባለ ገንዘብ ተመልካቹ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ቢመርጥ አይገርምም።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ጃክሰን ከላየኔል ሪቺ ጋር የጻፈው፣ በ1985 የወጣው ‘ዊ አር ዘ ወርልድ’ ገንዘብ ያሰባሰበው በኢትዮጵያው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምክንያት ነበር። ያን ውለታ የማይረሳ ሰው ስለ 1993 መስማት ይከብደው ይሆናል፤ ውለታው ግን ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

በአሜሪካ ሕግ ‘ቢሊ ጂን’ን የመሰሉ፣ ጃክሰን ብቻውን የጻፋቸው የዚያ ዘመን ዘፈኖች ጥበቃ ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ70 ዓመት ይዘልቃል። ጃክሰን ያረፈው በ2009 በመሆኑ እስከ 2079 ማብቂያ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ከ1992 ወዲህ ያለውን ታሪክ በእነዚህ ዘፈኖች መድረክ ላይ ማውጣት የሚሻ ሁሉ የባለ መብቶቹን በር ማንኳኳት ግድ ይለዋል።