«እሱ እኮ የአባቴ መኪና ነበር»



ኡካም ይሁን መቱ፣ ጎሬም ይሁን ቡሬ፣ በእኛ አገር መኪና የቤተሰብ ነው። አይሱዙው በአባት ስም ነው፤ ባጃጁን ታናሽየው ይነዳዋል፤ ጋምቤላ መስመር የሚሠራው ሚኒባስ የአጎት ነው። ቡና ሲደርስ ደግሞ መሪው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መተጋገዙ መልካም ነው። ኢንሹራንሱ ግን ለየመኪናው ለየብቻ፣ አንዳንዴም በተለያየ ኩባንያ የተገባ ነው።

ልጅ በአባቱ አይሱዙ አደጋ ያደርሳል። ካሳው ከአባትየው ኢንሹራንስ ይከፈላል። በዓመቱ ልጅየው የራሱን መኪና ይገዛና ሌላ ኩባንያ ይሄዳል። ቅጹ «ከዚህ በፊት አደጋ አድርሰሃል?» ሲለው «አላደረስኩም» ብሎ ይፈርማል። ለምን ሲባል «እሱ እኮ የአባቴ መኪና ነበር» ይላል።

እኛ ይህ መልስ ልክ አይደለም እንላለን። ጥያቄው ስለ ሹፌሩ ከሆነ፣ አደጋው ሹፌሩን ተከትሎ ይሄዳል። አባትየውም ሌላ መኪና ሲያስመዘግብ «ካሳ ጠይቀህ ታውቃለህ?» ከተባለ፣ ጠይቋልና ይጻፍ፤ «የነዳው ልጄ ነው» ማለት አያወጣውም። ቅጹ ግልጽ ካልሆነ ሠራተኛውን መጠየቅና የተባለውን በጽሑፍ ማስፈር ነው። አረቦኑ ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ይጨምር። (በነገራችን ላይ በኪታቦቻችን «ዐረቡን» ቀብድ ማለት ነው። ቀብድ የያዘ ሰው ዕቃውን አሳስቶ እንደማይገልጽ ሁሉ አረቦን ከፋይም እንዲሁ ነው።)

ከዚህ የባሰም አለ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወንድም ይገጫል፤ ፈቃድ ያለው ወንድም ጣቢያ ሄዶ «እኔ ነበርኩ» ይላል። ሰው ይህን ወንድማማችነት ይለዋል። በሐሰት ቃል የወጣ ገንዘብ ግን የወንድም ስጦታ አይደለም።

«ኢንሹራንስ ራሱ ዑለማዎች የተከራከሩበት ነገር ነው፣ እዚያ ቤት ብንዋሽ ምን አለበት?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ክርክሩ አለ፤ ብሔራዊ ባንክ የታካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ አማራጭም መጥቷል። የሦስተኛ ወገን መድን ግን በአዋጅ 799/2005 ለባለመኪና ግዴታ ነው። ውሉን የጠላ ይተወው ወይም ታካፉል ይፈልግ፤ ፈርሞ መዋሸትን ግን የፈቀደ ዓሊም አናውቅም። ታካፉልማ ከሆነ ገንዘቡ የተሳታፊዎቹ መዋጮ ነው፤ የሚዋሸው በጎረቤት ኪስ ላይ ነው።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ሲሻሻል የመድን ክፍሉ እንዳለ ቀጥሏል። በእሱ መሠረት ጉዳዩን ሆን ብሎ የሸሸገ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። ሳያውቅ የሳተ ሰው ውሉ ባይፈርስም ካሳው ሊቀነስበት ይችላል። ቤተሰቡ መሬት ሸጦ የገዛው አይሱዙ ጎሬና ቡሬ መካከል በጉም ገደል ቢገባ፣ ያቺ አንዲት «አላደረስኩም» ከፋይል ተመዝዛ ትወጣለች። ያኔ ዕዳው የፈራሚው ብቻ አይሆንም፤ የእናትም የእህትም ነው።

ይኸው ሕግ አደጋ መድረሱ ከታወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ይነገር ይላል። እኛ ጋ አምስቱ ቀን የሚያልቀው በሽምግልና ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጉማ ይቆረጣል፣ ቤተሰቡ ተዋጥቶ ይከፍላል። ከወር በኋላ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ተይዞ ኢንሹራንስ ቤት ይኬዳል። ሽምግልናውን አንነቅፍም፤ ደም የሚያደርቅ እሱ ነው። ብዙ ውሎች ግን ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋትን ማመንና ካሳ ቃል መግባትን ይከለክላሉ። ስለዚህ ለቅሶ መድረስና ማስታመም በዕለቱ ይሁን፤ የገንዘቡ ቁርጥ ከመነገሩ በፊት ግን ኩባንያው ይወቅ። የመኪናው ባለቤት አዲስ አበባ ቢሆንም ሹፌሩ ስልክ ይደውልለት፤ ባለቤቱም በጽሑፍ ያሳውቅ።

ለአንድ ጉዳት ከሁለት ቦታ ሙሉ ካሳ መቀበልስ? እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ሐራም ነው።

መኪና ከአንድ በላይ ያለው ቤተሰብ አንድ ደብተር ይግዛ። አደጋ በደረሰ ቁጥር ቀኑ፣ ሰሌዳው፣ ይነዳ የነበረው ሰው፣ የተነገረው ኩባንያና የተከፈለው ካሳ ይጻፍበት። ደብተሩ አባት ዘንድ ይቀመጥ፤ አዲስ ውል የሚገባ ልጅም ወደ መቱ ከመውረዱ በፊት አይቶት ይሂድ።