መኪናውን ያየ ዘመኑን ያውቃል

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ «መምህር፣ ጎድፋዘር ላይ ሶኒ የተገደለባት መኪና ምንድን ናት?» ብሎ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። ሊንከን ኮንቲኔንታል፣ የ1941 ሞዴል በፈረንጆቹ። ፊልሙ የተሠራው በ1972 ነው፤ ታሪኩ ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ስለሆነ መኪናዋ ልክ ናት።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ ትንሽም ከነከነኝ። የኒውዮርክ ማፊያ የነዳውን ከነሞዴሉ እንጠይቃለን፤ የእኛንስ?

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ አይደለም፤ በቮልስዋገን ነው። ይህን ትዕይንት በቅንጡ መርሰዲስ የሚቀርጽ ሰው የሳተው መኪናውን ብቻ አይደለም፣ ታሪኩን ነው። የዘመኑ መገልበጥ የሚታየው እኮ እዚያች ቮልስ ውስጥ ነው!

እኛ ይፋግ ልጆች ሳለን፣ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመን ኤንትሬን ገና ሳይደርስ በድምፁ እንለየው ነበር። ብዙ ሰው ጣሊያን በወረራው ጊዜ ይዞት የገባ ይመስለዋል። ኤንትሬ ግን ፊያት 682 ነው፤ ይህ ዓይነት መመረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1952፣ ጣሊያን ከተባረረ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1928ቱ ወረራ ፊልም ላይ ካያችሁት ስህተት ነው።

ፊልም የምትሠሩ ልጆቼ፣ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ አንጋፋ ሾፌር ፈልጉ። ቡና ጋብዟቸውና ጠይቋቸው። ሞዴሉ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ማን እንደነዳው፣ ምን እንደጫነበት ግን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

እስቲ ሰፈራችሁ የቆመ አሮጌ መኪና ካለ ፎቶውን ከነታሪኩ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።