ሞተሩን ዝም የሚያሰኘው ጠርሙስ

የሞተር ዘይት ሊገዛ የመኪና ዕቃ መደብር የገባ ሰው፣ በዋሽንግተንም ይሁን በዱባይ፣ ከዘይቱ አጠገብ ሌላ መደርደሪያ ያገኛል። የተደረደሩት ጠርሙሶች ትንንሾች ናቸው፤ የተጻፈባቸው ተስፋ ግን ትልቅ ነው። ያረጀ ሞተር ያድሳሉ፣ ጭስ ያጠፋሉ፣ ድምፅ ያለሰልሳሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን ደስታውን የምንችለው አይመስለኝም። በውጭ ከሚኖረው ወገናችን መካከል መሪ ጨብጦ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ጥቂት አይደለም፤ ለእርሱ ሞተር ማውረድ ማለት የሳምንታት ገቢ ማጣት ነው። አገር ቤትም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን ሞተር አክርሞ መጠቀም ግድ ሆኗል። ስለዚህ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው፤ ከእነዚህ ጠርሙሶች አብዛኞቹ የሚጠቅም ነገር አያደርጉም። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን የማይሠሩት ሳይሆኑ «የሚሠሩት» ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ታሽጎ የምንገዛው የሞተር ዘይት ራሱ ዘይት ብቻ አለመሆኑ ነው። በግምት ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ይዘቱ ተጨማሪ ኬሚካል ነው። አንዱ ቆሻሻ ያጥባል፤ ሌላው ጥቀርሻው ተጓጉሎ እንዳይዘቅጥ በትኖ ይይዘዋል፤ ሌላው አሲድ ያመክናል፤ ሌላው አረፋ ይከላከላል፤ ሌላው ደግሞ ዘይቱ በሙቀት ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ያደርጋል። ከሁሉም የታወቀው ዚንክና ፎስፈረስ የያዘው ውህድ ሲሆን፣ ብረትና ብረት በሚፋተጉበት ቦታ ስስ የመከላከያ ልባስ ይሠራል። መጠኑም በዘፈቀደ የሚጨመር አይደለም። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ኤስፒ ብሎ በሰየመው ደረጃ፣ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት የተለመዱ ዘይቶች ውስጥ ፎስፈረስ ከ0.06 እስከ 0.08 በመቶ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያ ካነሰ ብረቱ ይበላል፤ ከዚያ ከበዛ የጭስ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ካታሊስት ይመረዛል። እነዚህ ኬሚካሎች በብረቱ ገጽ ላይ ቦታ የሚሻሙ በመሆናቸው አንዱን ከውጭ አምጥቶ ማብዛት ሌላውን መግፋት ሊሆን ይችላል። ወጥ ሠርታ ጨው የለካችን ባለሙያ፣ እንግዳው ከኪሱ ጨው አውጥቶ ቢጨምርባት ምን ትላለች? (የካምሻፍታቸው አሠራር ብዙ ዚንክ የሚጠይቅ የጥንት መኪኖች አሉ፤ እነርሱን የሚሰበስቡ ሰዎች ዚንክ ቢጨምሩ ምክንያት አላቸው። የእኛ ቪትዝና ኮሮላ ግን ከዚያ ወገን አይደሉም።)

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር፣ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ብዙው ክፍል በብረት ላይ የማይሄድ መሆኑ ነው። ክራንክሻፍቱ ሲሽከረከር በዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ጎማ በጎርፍ ላይ ሲንሸራተት አስፋልቱን እንደማይነካው ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ወሳኙ የዘይቱ ውፍረትና ግፊት ነው። ልዩ ኬሚስትሪ የሚያስፈልገው ፊልሙ በሚሳሳባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው፤ እነርሱንም ከላይ ያልኩት ውህድ ይጠብቃቸዋል።

ታዲያ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚታየው ማሳያ ከየት መጣ? አይታችሁት ይሆናል። አንድ የብረት ቀለበት ይሽከረከራል፤ በላዩ ሌላ ብረት በረጅም ክንድ ይጫነዋል። ተራ ዘይት ሲጨመር ያንቋርርና ቀጥ ይላል፤ ብረቱም ተፍቆ ይወጣል። ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ግን ሻጩ በሙሉ ክብደቱ ቢጫነው እንኳ መሽከርከሩን አያቆምም። ማታለያ የለበትም፤ የሚታየው በእርግጥ የሆነ ነው። ችግሩ መሣሪያው የሚለካው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። የቲምከን መሞከሪያ የሚባለው ይህ ዓይነቱ መሣሪያ እጅግ ከፍተኛ ጫና ለሚሸከም ቅባት፣ ለምሳሌ ለማርሽ ዘይት፣ የታሰበ ነው። ክሎሪን ያለበት ውህድ በዚህ ፈተና ላይ ጎበዝ ነው፤ ከጋለው ብረት ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የሚንሸራተት ሽፋን ስለሚፈጥር ነው። ብረት በሚቆረጥበት ፋብሪካ ውስጥ ጠቃሚ ነው። ሞተር ውስጥ ግን ሙቀትና ከቃጠሎ የሚመጣ ውሃ አለ፤ ክሎሪን ከእነርሱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይወልዳል፤ አሲዱም ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸውን ተሸካሚዎች ይበላል። የሞተር ዘይት ደረጃ የሚሰጠው በእውነተኛ ሞተር ላይ፣ አንዳንዱ ከ200 ሰዓት በላይ በሚወስድ ፈተና ነው። በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ክርክር ችሎት ደርሷል። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አምራቾቹን ያላችሁትን አረጋግጡ እያለ ደጋግሞ ከሷል። በጣም የታወቀው የስሊክ 50 ጉዳይ ነው፤ በዘይት ውስጥ የቴፍሎን ደቃቅ በትኖ የሚሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ያለ በቂ መከላከያ እንደሚፋተግ፣ ምርቱም መበላቱን በ50 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገር ነበር። ኮሚሽኑ በ1996 ክስ ሲመሠርት አብዛኞቹ ሞተሮች በተለመደው ዘይት በበቂ ሁኔታ እንደሚጠበቁ ገለጸ። በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው ያለማስረጃ እንዲህ እንዳይል ታገደ፤ ለተጠቃሚዎችም ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ካሳ ተመደበ። ነገሩን ለመጠርጠር ችሎት አያስፈልግም ነበር፤ ቴፍሎን መጥበሻ ላይ የሚጣበቀው ፋብሪካ ውስጥ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተጋግሮ ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ዲግሪ ዙሪያ ነው የሚሠራው።

የኤስቲፒ ባለቤት በ1995 888 ሺህ ዶላር ቅጣት ከፈለ፤ በ1976 በኤስቲፒ ላይ ተመሳሳይ ትእዛዝ ተሰጥቶ ነበር። ዱራ ሉብ በ2000 በ2 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ከቀረበበት ክስ አንዱ፣ ክሎሪን የለብኝም እያለ ክሎሪን ያለበት መሆኑ ነው። የዚማክስ ይባስ ያሰኛል። እንደ ኮሚሽኑ ክስ፣ ኩባንያው ማስረጃዬ ያለው ፈተና ራሱ፣ ምርቱ የተጨመረበት ዘይት የተሸካሚዎችን ዝገት ከእጥፍ በላይ እንዳሳደገ ያሳይ ነበር። ጉዳዩ በ2003 በ1 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። እነዚህ የቆዩ ጉዳዮች ናቸው፣ የዛሬዎቹ ምርቶች ይለያሉ የሚል ይኖራል። ኬሚስትሪው ሊለወጥ ይችላል፤ የመደርደሪያው ቃል ግን አልተለወጠም።

«እኔ ጨምሬ ለውጥ አይቻለሁ» የሚለው ምስክርነትም አለ። የሚመሰክረው ሰው አይዋሽም። ጠርሙሱ የሚጨመረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ በሚቀየርበት ዕለት ነው። ጥቁር ዘይት ወጥቶ ንጹሕ ዘይት የገባበት ሞተር ያለ ምንም ጠርሙስ ለስልሶ ይሄዳል።

አሁን ወደሚሠሩት ልመለስ። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ሆኖ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ሌላው የደረቁትን የጎማ ማሸጊያዎች አርሶ ያሳብጣቸዋል። የመጀመሪያው ሲገባ የሚያንኳኳው ዝም ይላል፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ዘይት መብላቱም ይረግባል። ሁለተኛው የሚያንጠባጥበውን ለጊዜው ይገታል። ሁለተኛውን አልነቅፈውም፤ ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ይገዛል። የመጀመሪያው ግን ያለቀውን የፒስተን ቀለበትም ሆነ የተበላውን ተሸካሚ አይመልስም። ድምፁን ነው የሚያፍነው፤ ድምፁ ደግሞ ሞተሩ ያለው ብቸኛ አፍ ነው። በዚያ ላይ የወፈረ ዘይት በብርድ ጠዋት ከታች ወደ ካምሻፍቱ ለመድረስ ይዘገያል። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት መኪና የሚያስነሣ ሰው ይህን ያስብበት።

አምራቾቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ሆንዳ በመመሪያ መጻሕፍቱ ተጨማሪ እንደማያስፈልግና ሞተሩን ሊጎዳ እንደሚችል ያሳውቃል። ጄኔራል ሞተርስም ከተመከረው ዘይት ሌላ ምንም አትጨምሩ ይላል። በዚያው ገንዘብ መመሪያው የሚጠይቀውን ደረጃ ያሟላ ዘይትና ጥሩ ፊልትሮ ይገዛል። ታክሲ ለሚነዳ፣ መንገድ ተዘግቶበት ሞተር አስነሥቶ ሰዓታት ለሚቆም፣ በአቧራ ወይም በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ለሚሠራ ደግሞ መጽሐፉ ለከባድ አጠቃቀም የጻፈው አጭሩ የመቀየሪያ ርቀት ነው የሚመለከተው። ብዙዎቻችን የምንቆጥረው ረጅሙን ነው።

አሮጌ መኪና የምትገዙም ጠርሙሱን ሻጩ ቀድሟችሁ ጨምሮት ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩት፤ እንደ ማር እየተሳበ የሚወርድ ዘይት ካያችሁ ለምን እንደወፈረ ጠይቁ። ከዚያም ሻጩ ቢቻኮልም ሞተሩ በደንብ እስኪግል ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት። የወፈረው ዘይት ሲግል ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሥራ ፈት ሆኖ ቆሞ ሳለ መስኮቱን ክፈቱና አዳምጡ።