መኪናው ቀድሞ መብራቱ ሲዘገይ

አዲስ አበባ ዘመድ ያለን ሁሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስልክ የምንሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ደውሎ «የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ከቤንዚን ሰልፍ ተገላገልኩ» ይላል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ይኸው ሰው «ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች» ብሎ ያማርራል። ደስታውም ምሬቱም እውነት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሳ የፈለግነው በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ተነገረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይከፈሉ የነበሩት የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይስና የሱር ታክሶች ተነስተው ነበር። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል። የታላቁ ህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2025 ተመርቋል። እዚህ በምንኖርባት ኬንያም ቢሆን መብራቱ በአብዛኛው ከመሬት እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ስለሚገኝ ናይሮቢ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሥራ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ሐሳቡን እንደግፋለን። የናፍጣ ጭስ ምን እንደሚያደርግ ከመንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች አናጣውም። ነገር ግን ግድብ መብራት ማመንጨቱ አንድ ነገር ነው፣ መብራቱ መኪና ማቆሚያው በር ድረስ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ያለው በዚያች በመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ነው። መኪና ገንዘብ ካለ በጥቂት ወራት ውስጥ ከወደብ ይወጣል። ትራንስፎርመር ግን ይጠየቃል፣ ይጠናል፣ ይፈቀዳል፣ ከውጭ ይታዘዛል፣ ምሰሶ ይተከላል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ ቆጣሪ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናውን አስቀድሞ ገዝቶ መብራቱን ኋላ መፈለግ አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ዓይነት ነው።

እኛ መምህራን ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተማሪዎቹም ጨፈሩ። የመብራቱ ዕቃ «በሚቀጥለው ወር ይመጣል» ተባለ። ያ «የሚቀጥለው ወር» ከዓመት በላይ ሆነ። ኮምፒውተሮቹ በላስቲክ ተሸፍነው የካኩማን አቧራ ሲጠጡ ከረሙ። መብራቱ በመጨረሻ ሲገባ ግማሾቹ አልነሳ አሉ፣ ባትሪዎቻቸውም ሞተው ተገኙ። ያን ዓመት የጨረሱት ልጆች ኮምፒውተር ሳይነኩ ወጡ። ማን ይጠየቅ? ዕቃውን የሰጠው «እኔ ሰጥቻለሁ» አለ፣ መብራቱን ሊያስገባ የነበረው «ከበላይ አልተፈቀደልኝም» አለ።

መኪና ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ወርዶ ለብዙ ወራት ከቆመ ባትሪው ይጎዳል፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ይኸው ባትሪ ነው። የፋብሪካው ዋስትናም ብዙውን ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከርክክብ ቀን አንስቶ ነው፤ መኪናው ይሂድም ይቁምም ጊዜው ይበላል።

በካምፓችን የሚንቀሳቀሱት የድርጅት መኪኖች እስካሁን በአብዛኛው ናፍጣ ጠጪ ናቸው። ለውጡ ግን አንድ ቀን እኛም ጋ መድረሱ አይቀርም። ታዲያ ያን ጊዜ «ማን አሰበው» ከምንባባል አሁን እንነጋገር። መኪኖቹ የኛ ባይሆኑም በሽተኛችንን፣ ነፍሰ ጡራችንን፣ መድኃኒታችንንና የፈተና ወረቀታችንን የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ቢቆሙ የምንቆመው እኛ ነን።

በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። የመብራት ማመልከቻው ከመኪናው ግዢ ቀድሞ ይግባ። መኪኖቹም መስመሩ በደረሰ ልክ በሁለትና በሦስት ይምጡ እንጂ በአንድ ቀን ሃያ መኪና አሰልፎ ማስመረቅ ለፎቶ ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም። የናፍጣዎቹም መኪኖች ቻርጅ ማድረጊያው ተተክሎ፣ ተፈትሾ፣ ጥቂት ወራት በትክክል ሠርቶ እስኪታይ ድረስ አይሸጡ።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ቢዘገይም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። እስቲ እንደ ክፍል ውስጥ ሒሳብ አብረን እንቁጠር። አሥር መኪኖች አሉ እንበል። ለእያንዳንዳቸው የ7 ኪሎዋት ቻርጅ ማድረጊያ ተገጥሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 70 ኪሎዋት ይፈልጋሉ። ይህን ያየ መሐንዲስ «ትልቅ ትራንስፎርመር ካልመጣ አይሆንም» ይላል። ነገር ግን አንድ መኪና በካምፑ ውስጥ በቀን 60 ኪሎሜትር ቢሄድ፣ በሻካራው መንገዳችን በኪሎሜትር ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የተጠቀመው 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአሥሩ 150 ይሆናል። በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን 165 እንበለው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው አሥር ሰዓት ነው። 165ን ለአሥር ብናካፍል 17 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። የተባለው ግን 70 ነበር! በየተራና በዝግታ ከተሞላ በሩቡ መስመር ሥራ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። ለአንድ መኪና ከሆነ ደግሞ 2 ኪሎዋት የሚሰጥ ተራ ሶኬት ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ለነገ መንገድ ይበቃዋል። ብቻ ሶኬቱ ለዚሁ የተለየ፣ ወፍራም ሽቦና የመሬት መስመር ያለው ይሁን። በመከፋፈያ ገመድ አድርጎ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

ሦስተኛ፣ የትኛው መኪና ይቅደም የሚለው ይታሰብበት። በየቀኑ አንድ መንገድ የሚመላለስና ማታ ማታ አንድ ቦታ የሚያድር መኪና ይቅደም። አምቡላንስ ግን ከመጨረሻዎቹ ይሁን። ከካኩማ ሎድዋር ወደ 120 ኪሎሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 240። በዚያ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ ተከፍቶ፣ በሽተኛና አስታማሚ ተጭኖ፣ ሎድዋር ላይ የታመነ መሙያ ሳይኖር በሰው ሕይወት መሞከር አይገባም። ምጥ የያዛት እናት «ባትሪው 40 ላይ ነው፣ ትንሽ ጠብቂ» አትባልም።

አራተኛ፣ በጄኔሬተር ነገር እንዳንታለል። በገበያችን መብራት ማለት ለብዙ ዓመታት የነጋዴ ጄኔሬተር ማለት ነበር፣ ጠባዩን እናውቀዋለን። መስመር ዘገየ ተብሎ የኤሌክትሪክ መኪናን ዓመት ሙሉ በናፍጣ ጄኔሬተር መሙላት ጭሱን ከመኪናው ኋላ አንስቶ ከአጥሩ ኋላ ማስቀመጥ ነው። ለአንድ ሳምንት ችግር መወጫ ይሁን፣ ግድ የለም፤ ለቋሚ መፍትሔ ግን የፀሐይ ኃይል ይታሰብ። ጸሐይ እንደሆን ቱርካና ላይ ተርፎ ነው ያለው። ካሎቤዬይ ላይ በፀሐይ የሚሠራ ሚኒ ግሪድ ለቤትና ለሱቅ መብራት ሲሰጥ አይተናል። ቀን ቆመው የሚውሉ መኪኖች ካሉ በቀጥታ ከፀሐዩ ይሙሉ፤ ሌሊት የሚሞሉት ግን ማከማቻ ባትሪ ስለሚፈልጉ ወጪው ከወዲሁ ይታወቅ።

ከጎረቤትም የምንማረው አለ። ባሲጎ የተባለው ኩባንያ በ2022 ናይሮቢ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲጀምር አውቶቡሱን ብቻ አምጥቶ «እንግዲህ ቻርጅ አድርጉት» አላለም። የባትሪውን፣ የመሙያውንና የጥገናውን ነገር ራሱ ይዞ ባለንብረቱ በነዳው ኪሎሜትር ልክ እንዲከፍል አደረገ። ስለዚህ መሙያው ከዘገየ የሚከስረው ሻጩም ጭምር ነው፣ ሻጭ ደግሞ ሲከስር አይተኛም። የኬንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2023 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የተለየ ታሪፍ ሲያወጣ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ለሚሞላ ዋጋውን ከ16 ሽልንግ ወደ 8 ሽልንግ፣ ማለትም በግማሽ ዝቅ አድርጎለታል። ኪጋሊ ላይ ደግሞ አምፐርሳንድ የተባለው ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ለሞተር ብስክሌቶች ባትሪ መቀየሪያ ከፍቷል። ሞተረኛው ያለቀውን ሰጥቶ የተሞላውን ይዞ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ለኛ የቦዳቦዳ ልጆች ይህ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ባትሪዎችን ቀን በፀሐይ መሙላት ትልቅ መስመር አይጠይቅምና።

በመጨረሻም የምንጠይቀው ከገንዘብ የማይቆጠር ነገር ነው፤ እውነቱን በጊዜው ንገሩን። መስመሩ ስድስት ወር የሚዘገይ ከሆነ «በቅርቡ» አይባል፣ ስድስት ወር ይባል። አንድ ሰው በስሙ ይመደብና በየወሩ የት እንደደረሰ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ሾፌሮችም ይጠየቁ፤ የትኛው ላጋ በዝናብ እንደሚሞላ፣ የትኛው መኪና በቀን ስንት እንደሚሄድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የኤሌክትሪክ ሥራ የተማሩ ወጣቶቻችንም መኪናው ሳይመጣ በፊት በዚህ ሙያ ይሠልጥኑ። አለበለዚያ አንድ ፊውዝ ለመቀየር ከናይሮቢ ባለሙያ እስኪመጣ ልንጠብቅ ነው።

እኛ ስደተኞች መጠበቅን ማንም አያስተምረንም። ወረቀት ጠብቀናል፣ ራሽን ጠብቀናል፣ አውሮፕላን ጠብቀናል። ስለዚህም ነው ጥበቃ ሳያስፈልግ ሲመጣ ቶሎ የምናውቀው። ያ የኮምፒውተር ክፍል አሁን መብራት አለው። ያን ዓመት ያለፉት ልጆች ግን ተመልሰው አይገቡበትም። መኪናውም ላይ ይህ እንዳይደገም ምሰሶው ቀድሞ ይተከል።