መድረኩን ለዓይን፣ ካሜራውን ለልምምድ
ቴአትር እየታየ ተመልካች ፎቶ ማንሳት የለበትም፤ ቴአትሩ ግን ያለ ፎቶ መቅረት የለበትም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርክ የተቀዳበት የቴፕ ክር ድምፁን አቆይቶልናል፤ አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ እጁን እንዴት እንደሚያነሳ፣ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል የሚያቆየው ግን ምስል ነው። «ትኬት ከፍያለሁ፤ ፎቶዬም ለቴአትሩ ማስታወቂያ ነው» የሚል አይጠፋም። ትኬቱ የገዛለት ወንበሩን እንጂ የጎረቤቱን ጨለማ አይደለም። አንድ የስልክ መስታወት ሲበራ ከኋላው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይኑ ከተዋናዩ ይነቀላል። ፍላሹም ጥቂት ሜትር ሄዶ ስለሚደክም የሚያበራው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ከምረቃው በፊት በሙሉ አልባሳትና በሙሉ መብራት በሚደረገው ልምምድ አንድ ባለሙያ ፍላሹን አጥፍቶ ያንሳ፤ ምስሎቹም አዳራሹ መግቢያ ላይ ይሰቀሉ፣ በማኅበራዊ ገጾችም ይለቀቁ። ማስታወቂያውም ታሪኩም በዚህ ይሟላል። በ1948 ዓ.ም. ወደተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚሄዱ ተመልካች ሆይ፣ መጋረጃው እስኪዘጋ ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።