የላጤዎች የበዓል ጨዋታ

በዓል በመጣ ቁጥር ባለትዳር የሚሠራው አያጣም። በግ ይገዛል፤ ሽንኩርት ሲላጥ አብሮ ያለቅሳል፤ ለልጆቹ ልብስ ያሰፋል፤ የአማቶቹን ደጅ ይረግጣል። ላጤው ግን የሚያርደው በግ፣ የሚያለብሰው ልጅ፣ የሚጠብቀው አማት የለውምና በዓሉን የሚያከብርበት ዋና ሀብቱ ጨዋታ ነው። ይህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ያወጋል። ዛሬ ግን ተራውን ለላጤዎች እንስጥ። በየሻምበሉ ያሉት ወጣቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ከወታደር ሚስቶችም መካከል ያላገባ ወንድም ወይም ያላገባች እኅት የሌላት ጥቂት ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ለወጋችን የመረጥነው ስፍራ ከድንበር ማዶ፣ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚገኘው ሳውዝ ሲ የተባለው ሰፈር ነው። ለምን ይህን ያህል ራቅን ቢባል፣ ወላጅ፣ ዘመድና የሠፈር ሽማግሌ በሌለበት አገር ላጤዎች በዓልን እንዴት እንደሚያሳልፉ ለማየት ነው። በጦር ሰፈር የሚያድር ወታደርም በዚህ ረገድ ዕጣው ከእነርሱ ዕጣ ጋር ይመሳሰላል።

ሳውዝ ሲ በከተማይቱ ደቡብ፣ በሞምባሳ መንገድና በላንጋታ መንገድ መካከል፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ይገኛል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ቀጭኔና የከተማ ፎቅ ባንድ ዓይን የሚታዩበት ስፍራ ነው። በሰፈሩ ከኬንያውያንና ከሶማሌዎች ጋር ኢትዮጵያውያንም ይኖራሉ። ወገኖቻችን ወደ ናይሮቢ የሄዱት በልዩ ልዩ ዘመንና ምክንያት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ መግባታቸው የሚዘነጋ አይደለም። ከዚያም ወዲህ ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገርም የሄደው ብዙ ነው። ከነዚህ መካከል ነገ የት እንደሚያድር በእርግጥ የማያውቅ ሰው ጎጆ ለመቀለስ ያመነታል፤ እንዲህም እያለ ዓመታት በላጤነት ያልፋሉ።

በኬንያ የምዕራባውያን ፋሲካ ሲደርስ ከስቅለት ዓርብ እስከ ማግሥተ ፋሲካ ሰኞ ድረስ አራት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ይገኛሉ። ነገር ግን የዘመን አቆጣጠሩ ስለሚለያይ፣ የአገሩ በዓል የኛን ሰው ብዙ ጊዜ በጾም ላይ ያገኘዋል። የ2016 ዓ.ም. ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኬንያ ፋሲካ የተከበረው እሑድ መጋቢት 22 ቀን ሲሆን፣ የኦርቶዶክሱ ፋሲካ ገና ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ረመዳን ነበረና ሙስሊሙም ጾመኛ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሁዳዴ፣ ሌላው ረመዳን የያዘበት፣ ፋሲካን የሚፈስከው ጥቂቱ ብቻ የሆነበት የአራት ቀን በዓል ምን ይመስላል? ሥጋ የለ፣ መጠጥ የለ፤ ያለው ዕረፍት፣ ቡናና ወሬ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ፋሲካዎች ሚያዝያ 12 ቀን አንድ ላይ ስለዋሉ፣ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ባንድ ቀን ለመፈሰክ በቅተዋል።

በእንዲህ ያለው የጾም በዓል ላጤዎች የሚሰበሰቡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በነገራችን ላይ በስዋሂሊ ቋንቋም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ነው፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ለእነርሱም «ሳ ሞጃ»፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነውና ለቀጠሮ አይቸገሩም። ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ሽሮና ምስር ይቀርባል። በዓሉ የራሱ የሆነው ሰው እንኳ ለባልንጀሮቹ ክብር ሲል ሥጋውን ለማግሥቱ ያሳድራል። ከዚያ ረከቦቱ ይዘረጋና የላጤዎች ሸንጎ ይሰየማል። ጨዋታው ይህን ይመስላል፦

«ስሙ! ይህን ቡና በነፃ የጠጣችሁት ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ ስኒ የሚያጥብ ሰው ይመዝገብ» ትላለች ቡና የምታፈላው።

«እኔን መዝግቢኝ። ግን ሥራው እዚያው ስኒ ላይ ይቀራል ወይስ ዕድገት አለው?» ይላል የመኪና ጠጋኙ።

«እንደ አያያዝህ ነው። መጀመሪያ የሙከራ ጊዜ አለ።»

«ስንት ወር?»

«ምን አስቸኮለህ? ‹ሐራካ ሐራካ ሀይና ባራካ› ሲሉ አልሰማህም?»

ይህ የስዋሂሊ ተረት «ችኮላ በረከት የለውም» ማለት ነው። ይህን ጊዜ በዕድሜ የገፉት ላጤ ከማዕዘኑ ይናገራሉ።

«እኔም ይህንኑ ተረት ሰምቼ ነው የዘገየሁት። በረከቴን ግን ሌሎች ወሰዱት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያጡት ሚስት አይደለም፤ ድፍረት ነው። ማዶ ያለው አንበሳ ሌሊቱን ሲያገሳ ያድራል፤ እርስዎ አንዲት ‹እንደምን አደርሽ› አቃተዎት!» ትላቸዋለች ልብስ ነጋዴዋ።

«አንበሳው ምን አለበት ልጄ? ጥሎሽ አይጠየቅ!»

«ለጥሎሽ አይጨነቁ፤ እዚህ አገር በኤም ፔሳ ይላካል።»

«ተሳስቼ ለሌላ ቁጥር ብልከውስ?»

«ያችኑ ያገባሉ!»

እንግዲህ ሳቁን ለአንባቢ እንተወውና ጨዋታውን ጠጋ ብለን እንመርምረው። የመኪና ጠጋኙ «ዕድገት አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰሙ የስኒ ማጠብ ሥራ ነው፤ ወርቁ ግን ሌላ ነው። ወርቁን ቡና አፍይዋም፣ ሸንጎውም፣ እርሱ ራሱም ያውቀዋል። ሆኖም ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። እርስዋም «እሺ» አላለችም፤ «እምቢ»ም አላለችም፤ «የሙከራ ጊዜ አለ» አለች። «ስኒ አጣቢ ሞልቶኛል» ብትለው ኖሮስ? ከሌሎቹ ጋር ስቆ ቡናውን ይጠጣ ነበር። ማንም አላፈረም፤ ማንም አልተዋረደም፤ በሚቀጥለው እሑድም ያለ ቅሬታ ይመጣል። የላጤዎች ጨዋታ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ሰው ሳይዋረድ እንዲጠይቅ፣ ሳያዋርድም እንዲከለክል መንገድ ይከፍትለታል።

ይህን ጥበብ ሳውዝ ሲ አልፈጠረውም፤ ስደተኛው ከአገሩ ይዞት የሄደው ነው። በአገራችን ጋብቻን ወላጆች በሚቆርጡበት ዘመን ወጣቶች ፊት ለፊት የሚተያዩባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ከነዚያም ዋነኛው ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ጎበዙ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ሎሚ ትንሽ ነገር ናት፤ አታቆስልም፤ ብትቀርም ዕዳ አታመጣም። ልጅቱ ሎሚዋን ካነሣች ነገሩ ተጀመረ፤ ዝም ብላ ካለፈች ግን መልሱ ያው ነው። በሺሕ ሰው መካከል ጥያቄ ቀረበ፣ መልስም ተሰጠ፤ የተዋረደ ግን የለም። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዓለም ያየው ታቦቱን፣ ካህናቱንና ምእመናኑን ነው፤ ሎሚይቱ ግን በሕዝቡ መካከል የራስዋን ሥራ ስትሠራ የኖረች ናት።

በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባለውም በዓል ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲደርስ፣ ልጃገረዶች ለምለሙን ቄጤማ በወገባቸው አስረው በአደባባይ ይጫወታሉ። በሌላው ወቅት ቤት የምትውል ልጅ ያን ሰሞን ድምፅዋ ይሰማል፤ ዓይንዋም ያማርጣል። በገና ጨዋታ ጌታው እንኳ በሎሌው ቀልድ እንዳይቆጣ አባቶቻችን ልማድ አድርገዋል። ስለዚህ በዓል ማለት የመብልና የመጠጥ ቀን ብቻ ሳይሆን፣ በሌላው ቀን የማይነገር ነገር በጨዋታ የሚነገርበት ቀን ነው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጨዋታ ሕግ አለው። ሕጉ ሲጣስ ሎሚው ድንጋይ ይሆናል።

አንደኛ፣ መልሱ ከተሰጠ በኋላ ጥያቄው መደገም የለበትም። አንድ ሎሚ ጨዋታ ነው፤ አሥር ሎሚ ግን ውርወራ ነው። ዝም ያለችውን ልጅ «ኮራች» እያለ የሚከታተል ጎበዝ ከጨዋታው ወጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ መሆኑን ደንግጓል። ነፃ ፈቃድ ደግሞ በሠርጉ ቀን በድንገት አይወለድም፤ የሚለመደው «አይሆንም» የሚለው ቃል በሚከበርበት ተራ ጨዋታ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ «አይሆንም» ለማለት የማይችል ሰው ላይ የሚቀለድ ቀልድ ጨዋታ አይባልም። ይህ በተለይ እኛን ማዕርግ ያለንን ሰዎች ይመለከታል። በሳውዝ ሲው ሸንጎ ልብስ ነጋዴዋ በዕድሜ የሚበልጧትን «ድፍረት አጡ» ብላ ስትቀልድባቸው፣ እርሳቸውም የመመለስ ዕድል ነበራቸው፤ መለሱም። አዛዥ ግን በበታቹ ወታደር ላጤነት፣ ወይም በክበቡ በምታስተናግደው ልጅ ላይ ሲቀልድ የሚሰማው ሳቅ ሁሉ የደስታ ሳቅ አይደለም፤ ከፊሉ ትእዛዝ የመቀበል ሳቅ ነው። በገና ጨዋታ ሎሌው በጌታው ላይ እንዲቀልድ የተፈቀደውም ቀልድ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ስለሚያሥቅ፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን ስለሚከብድ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨዋታው የሰውን ቁስል መንካት የለበትም። ከላጤዎች መካከል ድህነት ያስቀረው አለ፤ የታመመች እናቱን የሚረዳ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር አለ፤ እጮኛውን ሞት የነጠቀው አለ፤ በሳውዝ ሲ እንዳለው ሰው የጉዞ መልስ የሚጠባበቅ አለ፤ በፈቃዱ ብቻውን መኖርን የመረጠም አለ። በጉባኤ ፊት «አንተ ደግሞ መቼ ነው የምታገባው?» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂው ቀላል ነው፤ ለተጠያቂው ግን የዓመቱን ሸክም በሰው ፊት እንዲያወርድ ማዘዝ ነው። በሸንጎው ሁሉም ሲሥቅ ዓይኑን ስኒው ላይ የተከለ ሰው ካለ፣ ጨዋታ አዋቂ ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሳል። የጨዋታ አዋቂነት መለኪያው ማሳቁ ብቻ ሳይሆን፣ ያልሣቀውን ማየቱ ነው።

ባለትዳር አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ወግ ለጦር ሰፈራችን የሚተርፍ ተግባር አለ። መጪው በዓል ሲደርስ ከባላችሁ ሻምበል አንድ ሁለት ላጤ ወታደር ወደ ቤት ጥሩ። በጠራችሁት ጊዜ ግን ከሶፋው ላይ እንደ እንግዳ አስቀምጣችሁ ስለ ጋብቻው አትመርምሩት። ሥራ ስጡት፤ ቡና ይቁላ፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ሕፃኑን ይያዝ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አገሩና ስለ ልጅነቱም ያወጋል። የጎረቤት ልጃገረድም ከተገኘች ጨዋታው ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ ገፋፊ አያሻውም። ሁለቱ ሳይፈላለጉ ቢለያዩ እንኳ ሁለት የሣቁ ሰዎች ከቤታችሁ ወጡ ማለት ነውና ቡናው ከንቱ አልቀረም።

አንተም ላጤው የጦር ጓድ፤ በበዓል ቀን አልጋህ ላይ ተጋድመህ ጣሪያ አትቁጠር። ለእናትህ ደውልላት፤ ከእርስዋ የሚመጣውን «መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን መቻል ግዴታህ ነው፤ እናት ከሕጉ ውጭ ናት። ከዚያ ልብስህን ተኩሰህ ወደ ተጠራህበት ቤት ሂድ። ቀልድ ይዘህ ሂድ፤ የሚያቆስል ቀልድ ግን ከበር መልሰው። የወደድካት ካለች በጨዋታ ጠይቃት፤ መልስዋን ግን በቁም ነገር ተቀበል። «እሺ» ካለች እሰየው፤ «አይሆንም» ካለችም ስኒህን አጥበህ፣ አመስግነህ፣ በሰላም ወደ ሰፈርህ ተመለስ።

ለባለትዳሮችም፣ ለላጤዎችም መልካም በዓል እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።